ሳሙናን ማን ያጥበዋል

ለአሥራ አንድ ቀን ልጅ ድንኳን አይጣልም። የዕድር ጥሩምባም አይነፋም። የልጅ ልጄን ሱሉልታ ላይ የቀበሯት አምስት ወንዶች ናቸው። አባቷ ወንዲ በነጭ ፎጣ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አስጠግቷት ወጣ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሰማንያ ቀኗ ስላልደረሰ ክርስትና አልተነሣችም፤ ስምም አልወጣላትም። የሆስፒታል ካርዷ ላይ የተጻፈው «ቤቢ ትዕግሥት» የሚል ነው፣ የትዕግሥት ልጅ ለማለት። ትዕግሥት የእኔ ልጅ ናት። ያለችኝ እሷው ብቻ ናት። ትጊ ነው የምላት።

ሊያጽናኑ የመጡት ጎረቤቶች ለትጊ ነው የመጡት። «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» አሏት። «የሰጠ አምላክ ደግሞ ይሰጣል» አሏት። አያት ምን ይባላል? ለእኔ የሚሆን ቃል ስላልነበራቸው ሻይ እንዳፈላ ወደ ጓዳ ላኩኝ። ለጨቅላ ጮኾ ማልቀስ ፈጣሪን ማስቀየም ነው ይባላል። ስለዚህ ውሃው እስኪፈላ ድረስ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ቆምኩ።

ያን ቀን ያለቀስኩት እንደማንኛዋም አያት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሌላ ነገር አወቅሁ። ብናገረው ልጄን አጣለሁ፤ ባልናገረው የሌሎች ልጆች ይሞታሉ።

ሥራዬ ጽዳት ነው። የምኖረው ሰበታ፣ የምሠራው ቡራዩ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው፤ ስሙን አልጠራም። ባሌ ካረፈና ትጊ አግብታ ሱሉልታ ከገባች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የማናግረው ሰው የለም። ጠዋት ከሰበታ አየር ጤና፣ ከዚያ አስኮ፣ ከዚያ ቡራዩ፣ በሦስት ታክሲ እደርሳለሁ። የሆስፒታሉ ጥበቃ ኦቦ ዋቅቶላ ከበሩ ላይ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ብሎ «አካም ቡልተ፣ አዴ ተስፋነሽ! ዛሬም ከዶሮ ቀድመሽ ወጣሽ?» ሲለኝ፣ በቀኑ ውስጥ ስሜን የጠራ የመጀመሪያው ሰው እሱ ይሆናል።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ኦቦ። ዶሮዋን እኔ ነኝ የቀሰቀስኳት» እለዋለሁ።

እኔ ያለሁት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱት፣ ሲወለዱ የታፈኑት፣ መጥባት ያቃታቸው እዚያ ይተኛሉ። በሩ አጠገብ መታጠቢያ አለ። እጁን ሳይታጠብ ሕፃን የሚነካ የለም፣ ዶክተርም ቢሆን። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ ከመታጠቢያው በላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል አለ። ፈሳሽ ሳሙናው ከዕቃ ግምጃ ቤት በጀሪካን ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ወደ ሃይላንድ እንገለብጠዋለን፣ ወደ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ማለቴ ነው። ክዳኑን በመርፌ ሦስት ቦታ ትበሺዋለሽ፤ ጠርሙሱን ስትጨምቂው በቀጭኑ ይወርዳል።

ጀሪካኑ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነበር የሚመጣው። በሌሎች ክፍሎች በሳምንቱ ያልቅና እጃቸውን በባዶ ውሃ ይለቃለቃሉ። የእኔ ጠርሙሶች ግን ባዶ ሆነው አያውቁም። ሳሙናው ሲጋመስ ውሃ እጨምርበታለሁ፣ እወዘውዘዋለሁ፣ አረፋ ይሠራል። ሲቀጥን በላዩ ሳሙና እጨምርበታለሁ። ግርጌው ላይ የቀረውን መድፋት አይሆንልኝም፤ እናቴ የተረፈን ነገር መድፋት ረድኤት ያርቃል ብላ ነው ያሳደገችኝ። በአንድ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ኃላፊው «እንደ ተስፋነሽ ሁኑ፣ ሳሙና ማብቃቃት ከእሷ ተማሩ» ብለው የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ የማዋለጃው ጽዳቶችም የእናቶች ማረፊያዎቹም መጥተው ተማሩ። የሥራ ጓደኛዬ የሺወርቅ «የተስፊ ሙያ» ትለዋለች።

ከበሩ ጀርባ የተለጠፈ ወረቀት ነበር፤ በየቀኑ ምልክት የምናደርግበት። ወለል ተወልውሏል። ቆሻሻ ወጥቷል። የሳሙና ጠርሙስ ታጥቦ ደርቋል። ማንበብ የለመድኩት ትጊ አንደኛ ክፍል ሳለች ከደብተሯ አጠገብ ተቀምጬ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። ስለዚህ ያንን ወረቀት ማንበብ ደስ ይለኝ ነበር። የጠርሙሱ መስመር ላይ ስደርስ ግን እስቃለሁ። ሳሙናን ማን ያጥበዋል? እሱ አይደለም እንዴ የሚያጥበው? ምልክቴን አድርጌ አልፋለሁ።

ትጊን ምጥ የያዛት በሰባት ወር ተኩሏ ነው። ወንዲ ደውሎ «እማማ፣ ወዴት ልውሰዳት?» አለኝ።

«ወደ እኔ አምጣት» አልኩት። «እዚህ ሁሉም ያውቀኛል። እኔ እያለሁ ማን ይነካታል?»

ልጅቷ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ መዘነች። ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ገባች። ትጊ በየሦስት ሰዓቱ ወተቷን አልባ ይዛ ትመጣለች፤ እኔ መወልወያዬን ይዤ መታጠቢያው አጠገብ እጠብቃታለሁ።

«ታጠቢ። ደግመሽ። በጣቶችሽ መሃል።»

«እማ፣ ቆዳዬን ልትገፍፊው ነው እኮ።»

«ይገፈፍ። ቆዳሽ ተመልሶ ይበቅላል።»

«አቤት! ሲስተሮቹ እንኳ እንዳንቺ አይጨቀጭቁም።»

«ሲስተሮቹ አያቷ አይደሉማ።»

ትስቃለች። ታጥባ ትገባለች። በሣጥኑ ቀዳዳ እጇን አስገብታ የልጅቷን እግር በሁለት ጣት ትይዛለች። በመስታወቱ ውስጥ አያታለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ኮርቼ አላውቅም።

በስምንተኛው ቀን ልጅቷ ወተት መቀበል አቆመች። ሆዷ ተነፋ፣ ገላዋ ቀዘቀዘ፣ መልኳ አመድ መሰለ። በዚያው ሳምንት ሌሎች ሦስት ሕፃናትም እንደዚያው ሆኑ። ዶክተሩ መድኃኒት ቀየረ፣ ደግሞ ቀየረ። ኢንፌክሽኑ መድኃኒቱን አልሰማ አለ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ወለሉን ወልውዬ ሳልጨርስ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ሦስት ቀን ብቻ ነው ሱሉልታ የተቀመጥኩት። ለአያት የሐዘን ፈቃድ የለም። ስመለስ የሞቱት አራት ሆነዋል።

የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊዋ ሲስተር ረምዚያ ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሒጃቧን በመርፌ ጠበቅ አድርጋ የምታስይዝ ልጅ ናት። የክፍሉን አልጋዎች በትልቅ ወረቀት ላይ ስላ፣ የታመሙትን በቀይ፣ የሞቱትን በጥቁር ታቀልም ነበር። የልጄን ልጅ ሣጥን ስታጠቁር አየኋት። ቀና ብላ አየችኝና እስክሪብቶዋን ከደነች።

ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው እንጨት ሁሉን ነገር ጠረገች፤ በርሜሉን፣ ቧንቧውን፣ ማሞቂያዎቹን፣ የወተት ፍሪጁን፣ ማዳመጫውን፣ የእያንዳንዳችንን እጅ። ወደ አዲስ አበባ ላብራቶሪ ላከችው። ውጤቱ ሲመጣ በርሜሉ ንጹሕ ነው፣ ቧንቧው ንጹሕ ነው፣ ማሞቂያዎቹ ንጹሕ ናቸው። ባክቴሪያው የተገኘው እጃችን ላይ ነው። የዶክተሩ፣ የሁለት ነርሶች፣ የእኔም።

ሲስተር ረምዚያ ተቆጣች። «እጃችሁን አትታጠቡም ማለት ነው! ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ታጥባችሁ ነው የምትገቡት። ራሴ ቆሜ እቆጥራለሁ።»

ቆመችና ቆጠረች። ሁላችንም ሁለት ሁለት ጊዜ ታጠብን። በዚያ ሳምንት ሌሎች ሁለት ሕፃናት ታመሙ።

ሰው ሲጨንቀው የሚጥልበት ይፈልጋል። ክፍሉ ውስጥ ማሪቱ የምትባል እናት ነበረች፤ ከሰበታ አልፋ ካለችው ከተጂ የመጣች፣ መንታ የወለደች። መጀመሪያ ታሞ የሞተው የእሷ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ገና ማሞቂያ ውስጥ ነበር። «ይዛው የመጣች እሷ ናት» ተባለ። እናቶቹ ከአግዳሚ ወንበሯ እየተነሡ ሸሿት። ጫፍ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ማንም ከእሷ ጋር ምግብ አይቀምስም። ትጊም ስልክ ላይ «ያቺ የተጂ ሴትዮ ናት ልጄን የገደለችብኝ። ስለት ተስያለሁ፤ እሷም ልጇ እንዳይቀርላት» አለችኝ። «ተይ ልጄ» ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ማሪቱ በአጠገቤ ስታልፍ እኔም ቀሚሴን ሰብሰብ አደርግ ነበር። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሲስተር ረምዚያ ጽዳቶችን ሁሉ ሰበሰበችን። ዓይኗ ቀልቷል።

«እርሾ ታውቃላችሁ አይደል?» አለች።

የሺወርቅ ቀደመች። «ሲስተር፣ ባልትና ልታስተምሪን ነው? የኔን ባል እንኳ ያሸሸው እርሾ ነው፤ በጣም ኮመጠጠብኝ አለ።»

«ባልሽን ያሸሸው እርሾው አይደለም፣ አፍሽ ነው» አላት አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ። ረምዚያ አልሳቀችም።

«ቡሃቃው ግርጌ ትንሽ ትቀራለች» አለች። «አጥባችሁ ካላወጣችኋት፣ አዲስ ሊጥ ስትጨምሩባት ሙሉውን ታቦካዋለች። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ይሄ ባክቴሪያ እንደዚያ ነው። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የሆነ ዕቃ አለ፤ እርጥብ፣ ግርጌው ላይ ሁልጊዜ ትንሽ የሚቀርበት፣ ማንም አጥቦ የማያደርቀው። እሱን እስካላገኘን ሕፃናቱ አይድኑም። እባካችሁ አስቡ።»

ሌሎቹ በርሜል ነው፣ መወልወያ ባልዲው ነው አሉ። እኔ አልሰማኋቸውም። ጆሮዬ ውስጥ ውሃ የገባ መሰለኝ። ረምዚያ ጠርሙሶቹን ለመጠርጠር ምክንያት አልነበራትም። ወረቀቱ ላይ በየቀኑ ታጥበው ደርቀዋል ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ስብሰባው ሲበተን ወደ መታጠቢያው ሄጄ ጠርሙሱን ከፈትኩ። ትንሿን ጣቴን አስገባሁ። ጎኑ ያዳልጣል፤ እንደ ዓሣ ቆዳ። አሸተትኩት፤ ከሳሙናው ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ነበረ።

ያኔ መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ያሰብኩት ትጊን ነው። «በጣቶችሽ መሃል፣ ደግመሽ» ያልኩት አፌ ትዝ አለኝ። እሷ ይህን ካወቀች እናት የለኝም ትላለች፣ እኔም ልጅ የለኝም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ የክፍላችንን ስድስት ጠርሙሶች ሰብስቤ የሠራተኛ ክበብ ወሰድኳቸው። ውሃ አፈላሁ፣ በረኪና ጨመርኩ፣ አጠብኳቸው፣ ፀሐይ ላይ ዘቅዝቄ አደረቅኋቸው። ምንም ያልተጨመረበት ሳሙና ሞላሁ። አለቀ፣ አልኩ። እኔና እግዜር እናውቀዋለን፤ ሌላ ማንም አያስፈልግም።

ሁለት ቀን አዲስ የታመመ ሕፃን አልነበረም። ሰበታ ገብቼ እነዚያን ሁለት ቀናት ደህና ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ወንድ ልጅ ታመመ። ከማዋለጃ ክፍል ከመጣ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ማንም አላስፈለገኝም፤ ማዋለጃው የእኔን ሙያ ተምሯል። የእናቶች ማረፊያውም ተምሯል።

ወደ እናቶች ማረፊያ ስገባ ማሪቱ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። ለቀረው ልጇ ወተት ልትወስድ ነው። ጠርሙሱን ጨምቃ ጨምቃ እጇን እስከ ክንዷ ትፈትጋለች፤ ቆሻሻ ነሽ ስለተባለች ነው እንደዚያ የምትፈትገው። ዕንባዋ አረፋው ላይ ይወርዳል። ሮጬ ጠርሙሱን ከእጇ ነጠቅሁ።

ወደኋላ ሸሸች። «እማማ፣ ደግሞ ሳሙናም ሊከለክሉኝ ነው?»

«አይደለም ልጄ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ተቀመጪ ያሉኝ ቦታ ተቀመጥኩ። አትቅረቢ ያሉኝን አልቀረብኩም። ታጠቢ አሉኝ፣ እየታጠብኩ ነው። ምን ቀረኝ?»

«አንቺ አይደለሽም» አልኳት። «አንቺ አይደለሽም፣ ማሪቱ። እጅሽን በበርሜሉ ውሃ ብቻ ተለቅለቂና እዚሁ ጠብቂኝ። ልጅሽን እንዳትነኪው፤ አሁን እመጣለሁ።»

ጠርሙሱን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ታቦት በኮሪደሩ ሄድኩ። ረምዚያ ቢሮዋ ውስጥ ወረቀቷ ላይ አጎንብሳ ነበር። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እርሾው ይኸውልሽ» አልኳት።

ቀስ ብላ ተነሣች። «ምን ማለትዎ ነው፣ እትዬ ተስፋነሽ?»

«ይሄ ጠርሙስ ታጥቦ አያውቅም። የእኔዎቹም ታጥበው አያውቁም ነበር። በላዩ ላይ እንጨምራለን እንጂ ባዶ አናደርገውም። ውሃም እናቀጥንበታለን።»

«ወረቀቱስ? በየቀኑ...»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ውሸት ነው።»

«የጨቅላ ክፍል ጠርሙሶችን አሁኑኑ ያምጡልኝ።»

«አጥቤያቸዋለሁ። ስትናገሪ የገባኝ ቀን ነው ያጠብኳቸው።»

በጣቶቿ ቆጠረች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ሦስት ቀን!» አለች። «ሦስት ቀን አውቀው ነው ዝም ያሉኝ? ያ ልጅ የታመመው ዛሬ ጠዋት ነው እኮ! እርስዎ... እርስዎ ራስዎ የቀበሩ ሰው!»

«አዎ» አልኩ።

መጮኋን አቆመች። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ግንባሯን ያዘች። ቆይታ ጓንት አጠለቀችና ጠርሙሱን በንጹሕ ላስቲክ ከተተችው። «እኔም ሁለት ጊዜ ታጠቡ አልኩ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። «ቆሜ ቆጠርኩ።»

በዚያው ሰዓት በሆስፒታሉ ያለ የሳሙና ጠርሙስ ሁሉ ተሰበሰበ። ላብራቶሪው በአራተኛው ቀን መለሰ፤ ከጠርሙሱ የወጣው ባክቴሪያ ከሕፃናቱ ደም ከወጣው ጋር አንድ ነው። እስከዚያ ድረስ ረምዚያ አልጠበቀችም። የታመሙትን ለብቻ ክፍል አደረገች፤ እነሱን የምትይዝ ነርስ ሌሎቹን እንዳትነካ አዘዘች። ፈሳሽ ሳሙናው ቀርቶ ደረቅ ሳሙና በትንንሹ ተቆርጦ፣ ውሃ በማይቋጥር ማስቀመጫ ላይ ተደረገ። በየአልጋው ራስጌ የእጅ አልኮል ተሰቀለ። በርሜሉ በየሁለት ቀኑ ተደፍቶ ይታጠባል። ጠያቂ አንድ ብቻ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሕፃን። ታሞ የነበረው የማዋለጃው ልጅ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ሃያ ቀን ሙሉ ቀይ ቀለም ያስፈለገው አልጋ አልነበረም። የማሪቱ ልጅ ሁለት ኪሎ ሞልቶ ወደ ተጂ ሄደ። ስትወጣ ለሁሉም ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፤ ለሸሿትም።

እኔ ከሥራ አልተባረርኩም። ለአንድ ወር ወደ ልብስ ንጽሕና አዛወሩኝ፣ ከዚያ መለሱኝ። ረምዚያ ሪፖርቱን አንብባ አሰማችኝ። ስም የለበትም። የውሃ እጥረት ይላል፣ የሳሙና አቅርቦት ይላል፣ ያልተሰጠ ሥልጠና ይላል።

«ጠርሙስ ለምን እንደሚታጠብ በዘጠኝ ዓመት ሥራዎ ውስጥ የነገረዎት ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«እንግዲያው የእርስዎ ብቻ አይደለም። ለልጅዎ ደግሞ የግድ መንገር የለብዎትም። ወላሂ ከእኔ አፍ አይወጣም።»

እውነቷን ነው፤ የግድ አልነበረም። ብዙ ቀን ይህን ለራሴ ደጋገምኩት። ሰበታ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ እደግመዋለሁ፤ ታክሲ ውስጥ እደግመዋለሁ። ግን ትጊ በደወለች ቁጥር ማሪቱን ትረግማለች። አንድ ቀን «ስለቴ እንዲሰማልኝ ዛሬ ሻማ አበራሁ» አለችኝ። ማሪቱ አረፋው ላይ ያፈሰሰችው ዕንባ ታየኝ። ሌላ ሰው በእኔ ፈንታ እርግማን እየተቀበለልኝ ልጄን ይዤ መኖር አቃተኝ።

ቅዳሜ ሱሉልታ ሄድኩ። ነፋሱ ያንገላታል። ትጊ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጡቷን ወተቱ እንዲደርቅ በሻሽ ጠፍራ አስራዋለች። ከፊቷ ዱካ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ጠርሙሱን፣ ወረቀቱን፣ ሦስቱን ቀን። «ማሪቱ ምንም አላደረገችሽም» አልኩ።

እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች።

«እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች በመጨረሻ።

«አይደለም! እኔ ነኝ ያልኩሽ እኮ!»

«በዚህ እጄ ነው የነካኋት፣ እማ። ታጥቤ ታጥቤ። በቀን ስምንት ጊዜ።»

«ትጊዬ...»

«ለምን ነገርሽኝ? ያቺን ሴትዮ መጥላት ቀሎኝ ነበር።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የምፈራው እኔን እንድትጠላ ነበር፤ ራሷን ትጠላለች ብዬ ግን አላሰብኩም። እጇን ልይዝ ስዘረጋ ሰበሰበችው። ወንዲ ከቤት ወጥቶ ሁለታችንን አየ፣ ምን እንደተፈጠረ አላወቀም።

«ወንዲ፣ እማን ታክሲ አሳፍራት» አለች። አላየችኝም።

መንገድ ላይ ነገርኩት። ቆመ። መሬት መሬት አየ። «እማማ፣ ይሂዱ አሁን» አለኝ፤ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። የታክሲውን በር የዘጋልኝ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ትጊ ስልክ አላነሣችም። በፋሲካ ደወልኩ። በልደቷ ቀን ደወልኩ። በሥራ ቀናት ደህና ነኝ፤ አዲስ ለሚመጡ ጽዳቶች ሥልጠና የምሰጠው እኔ ሆኛለሁ፣ ረምዚያ ናት ያደረገችኝ። ያደረግሁትን ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ያዩኝና ያቀረቅራሉ። እሑድ ነው የሚከብደው። እሑድ ቤቴን ሁለት ጊዜ እጠርጋለሁ።

ባለፈው እሑድ ስልኩ ጮኸ። ወንዲ ነው።

«እማማ፣ እንደምን ከርመዋል? አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ጤና ጣቢያ ክትትል ጀምረናል። አራት ወር ሆኗታል።»

ቁጭ አልኩ። አራት ወር ሙሉ አላወቅሁም።

«እግዜር ይመስገን» አልኩ።

«አሜን። እና... የምትወልድበት ቦታ ስለ ሳሙናቸው ልጠይቃቸው ትላለች። ምን ብለን እንጠይቅ?»

ድምፁ ርቆ ነበር የሚሰማው፤ ስልኩን ለሁለት ሰው ክፍት አድርጎ አስቀምጦታል። ከጀርባው የሌላ ሰው ትንፋሽ ሰማሁ። የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ስሟን አልጠራሁም፤ ብጠራት የምትሄድ መሰለኝ።

«መጀመሪያ» አልኩ፣ «ጠርሙሱ ሲጎድል በላዩ ይጨመርበታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካሉ ሌላ ቦታ ሂዱ። ባዶ ሳይሆን የሚሞላ ጠርሙስ አይታመንም። ሁለተኛ፣ ሳሙናው ውሃ ይጨመርበታል ወይ በሉ። ሦስተኛ፣ ሲያልቅ በምን እንደሚያጥቡት ጠይቁ። በፈላ ውሃ መሆን አለበት፣ ግርጌው ድረስ። የእጅ አልኮል በየአልጋው አለ ወይ በሉ። ነርሶቹን አትፈሩ፤ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።»

ወንዲ እየጻፈ ነበር፤ የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ መጻፉን አቆመ። የጨረስኩ መሰለው።

«እሺ እማማ፣ እናመሰግ...»

«ማድረቁስ?» አለች ትጊ።

ስምንት ወር ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ትንሽ ጠበቀችኝ።

«ተዘቅዝቆ ይውላል» አልኳት። «አንድ ጠብታ እንኳ ሳይቀርበት። እርጥቡን አይሞላም።»

«እሺ» አለች።

ስልኩ ተዘጋ። ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆየሁ።